አባባ ጃራ ፋብሪካ እንዲመርቁ ሲጠየቁ

አባባ ጃራ በእጃቸው ያልነኩትን ነገር አይመርቁም። ላም ሲመርቁ መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሙሽራ ሲመርቁ አናቷ ላይ። አዲስ ቤት ከሆነ ከውጭ ቆመው አይመርቁም፤ ገብተው የበሩን መቃን ይይዛሉ። በግራ እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው፣ በቀኛቸው ነክተው፣ ከዚያ ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። ከአባታቸው የወረሱት ልማድ ነው። በእኛ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ አዲስ ቤት የገባ ሁሉ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ "እስቲ እኒያን ሽማግሌ ጥሩልኝ" ይላልና። ጴንጤዎቹ "ሣሩ ብቻ ይቅርብን" ይሏቸዋል። እሳቸውም ሳይከፋቸው ሣሩን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ይገባሉ።

እኔ የማውቃቸው በወተት ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ በዘይት ፋብሪካው አጥርና በወንዙ መካከል በቀረች ቁራጭ መሬት ላይ የቆርቆሮ ቤትና ጥቂት ላሞች አሏቸው። ጠዋት ጠዋት ወተት ልገዛ ስሄድ እየተጫወትን ተላመድን። ይህን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከአጠገባቸው ቆሜ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እንደምችለው ልሞክር።

ኮንዶሚኒየሙ የቆመበትም፣ ፋብሪካው ያረፈበትም፣ አስፋልቱም ጭምር የእሳቸውና የወንድሞቻቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ካሳ ተከፍሏቸዋል። ካሳው የት እንደገባ የሚጠይቃቸው ካለ "ልጅ አሳደግንበት፣ ሰው ቀበርንበት" ብለው ያልፉታል። ቤታቸው ያለችበት ቁራጭ ግን ለማንም ሳትሰጥ ቀረች። ካርታ የላትም። ባለፈው ክረምት በወንዙ ዳር የነበሩት ሌሎች ቤቶች ቀይ ቀለም ተቀብተው በዶዘር ሲፈርሱ፣ የእሳቸው ሳትቀባ ታለፈች። ለምን እንደታለፈች የነገራቸው የለም። ምክንያቱ ያልታወቀ ምሕረት ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም። መኪና ወደዚያ በመጣ ቁጥር ባለቤታቸው እማማ አዝመራ የተሰጣውን ልብስ ከገመዱ ላይ መሰብሰብ ይጀምራሉ፤ ቢደርቅም ባይደርቅም።

ፋብሪካው መጀመሪያ ሲከፈት ሙዚቃ ነበረ፣ ፊኛ ነበረ። ትንሽ ጊዜ ሠራ፤ ከዚያ ጭስ ማውጫው ላይ ወፍ ጎጆ ሠራች። ባለቤቱ አቶ ታዴዎስ የሚባሉ ባለሀብት ናቸው። ከመንግሥት ባንክ ተበድረው ነው ያቋቋሙት፤ ያ ሳይመለስ ሌላ ተጨመረላቸው፤ እሱም ሳይመለስ ጊዜው ተራዘመላቸው። ሰፈሩ ይህን ያወቀው በጥበቃነት ሠርተው ደሞዝ ከቀረባቸው ሰዎች ነው። አቶ ታዴዎስ "ላይ ሰው አላቸው" ይባላል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን የሚናገር አልሰማሁም። ጣት ወደ ጣሪያ ይቀሰራል እንጂ ስም አይጠራም።

የአባባ ጃራ ልጅ ብርቄ በኮንዶሚኒየሙ ሥር የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ የቆሙ ፋብሪካዎች ዕዳ ወደ መንግሥት እንደሚዛወርና ለማንሠራሪያ አዲስ ብድር እንደሚሰጣቸው በቴሌቪዥን ሲነገር፣ ባለቤቴ ፀጉሯን ተሠርታ እስክትጨርስ በፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር።

"ዕዳውን መንግሥት ወሰደለት ማለት ምን ማለት ነው?" አለች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ደንበኛ።

"ማለትማ፣" አለች ብርቄ ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች፣ "አንቺ ለእኔ ትከፍያለሽ፣ እኔ ለግብር እከፍላለሁ፣ ግብሩ ይሄድ ይሄድና እዚያ ሲደርስ አቶ ታዴዎስ 'እፎይ' ይላሉ።"

"እንዲህ ከሆነማ ከድርሻዬ ላይ ዘይት ቀንሰሽ ስጪኝ!"

"ዘይቱን ያየ ሰው ካለ ይናገርና እንካፈል።"

ሴቶቹ ተንከተከቱ። አንዷ ግን ወደ በሩ ዞር ብላ፣ ከእኔ ጀርባ የሚያልፍ ሰው መኖር አለመኖሩን አየች። ሳቁ እዚያው ተቋረጠ፤ የካስኩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወተቴን ይዤ ልመለስ ስል ጉቱ መጣ። ጉቱ የዚያው መንደር ልጅ ነው፤ አባቱና አባባ ጃራ አብረው አርሰዋል። አሁን ወረዳ ውስጥ ይሠራል። ሱፍ ለብሷል፤ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ ይረግጣል።

"አካም ቡልታን፣ አባባ? እንዴት አደሩ?"

"ዋቃ ይመስገን። ወተት ይቀዳልህ?"

"ዛሬ ለወተት አልመጣሁም። ክብር ይዤልዎት ነው የመጣሁት።"

"ክብር ከመጣ ወንበር ይሰጠዋል፤ ተቀመጥ" አሉት አባባ ጃራ፣ በርጩማውን እየገፉለት።

ጉቱ ነገሩን ዘረዘረ። ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከላይም፣ ከባንክም፣ ከቴሌቪዥንም። ፋብሪካውን ያያሉ፣ ከዚያ ድጋፉ ይፈቀዳል። የአካባቢው ሕዝብ ፋብሪካውን እንደሚወደው የሚመሰክርና የሚመርቅ አባት ተፈልጓል። "መሬቱ የእርስዎ የነበረ ነው። እርስዎ ሲመርቁት ነው የሚያምረው።"

"ይሠራል እንዴ?" አሉ አባባ ጃራ።

"ማን?"

"ፋብሪካው።"

"ይሠራል። ሊሠራ ነው። ያው ነው።"

"ያውማ አይደለም፣ ልጄ። ላሚቱ ትታለባለች ማለትና ወደፊት ትታለባለች ማለት አንድ አይደለም።"

ጉቱ ሳቀ። ተነሣና የቤቱን ቆርቆሮ በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ይቺ ቤት ክረምቱን አላፈሰሰችም?"

"አላፈሰሰችም።"

"ጎረቤቶቻችሁ ሲነሡ 'እሷን ተዉልኝ' ያልኩት እኔ ነኝ። እስከዛሬ አልነገርኩዎትም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ሁልጊዜ 'ተዉልኝ' ማለት አልችልም፣ አባባ። እኔም አለቃ አለኝ። እኔንም ያዩኛል።"

አባባ ጃራ ምንም አልመለሱም። እማማ አዝመራ ውስጥ ሆነው ሲሰሙ ኖሯል፤ የዕቃ ድምፅ ጸጥ አለ። ጉቱ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለና "ዝም ካሉ እሺ ብለዋል ማለት ነው፤ አይደል ጋሼ?" አለኝ። እኔም እንደሞኝ አብሬው ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ጃራ ምግብ ራቃቸው። ነገሩን በደንብ የተረዳሁት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ላሚቱን እያለቡ፣ ፊታቸውን ሆዷ ላይ አስደግፈው፣ ስለ አጎታቸው ነገሩኝ።

"የአባቴ ወንድም መራቂ ነበር። ከእኔ የበለጠ። አንድ የሚፈራ ሰው በሬ ገዛሁ ብሎ አመጣና መርቅልኝ አለው። በሬው የተሰረቀ ነበር። አጎቴ ባለቤቱን ያውቀዋል፤ ዓይኑ እያየ፣ ፈርቶ፣ ጀርባው ላይ እጁን ጭኖ መረቀ። ብዙም አልቆየ፤ አፉ ወደ ጎን ሄደ። እስኪሞት ድረስ የሚስቱን ስም መጥራት አልቻለም። እሷ ምግብ ስታቀርብለት ያያታል፣ ያያታል፣ ያለቅሳል።"

ደም ግፊት ይሆናል አልኩ በልቤ። ለመናገር ግን ድፍረቱን አላገኘሁም። አሁን ሳስበው ብናገርም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። እማማ አዝመራ ኋላ እንደነገሩኝ፣ በእነዚያ ቀናት አባባ ጃራ ሲነጋ ዓይናቸውን ገና ሳይገልጡ "አዝመራ!" ብለው ይጣሩ ነበር። "ምነው?" ሲሏቸው፣ "ምንም" ብለው ይነሣሉ።

ቤቱ ውስጥ ክርክር ሆነ። እማማ አዝመራ በሚያባብል ድምፅ፣ "ቃል እኮ ነው። ከአፍ ይወጣል፣ ንፋስ ይወስደዋል። ቤቱን ግን ዶዘር ነው የሚወስደው" ይላሉ።

ብርቄ ደግሞ ከፀጉር ቤት ወጥታ ጎራ ስትል፣ "አባ፣ ታምሜያለሁ በል። ተኛ። ማን አልጋ ድረስ ይመጣል?" ትላለች።

"ይመጣሉ" አሉ አባባ ጃራ። "ካሜራውን ይዘው አልጋዬ ድረስ ይመጣሉ። የታመመ ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ የበለጠ ያምራል።" ቀልድ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ማክሰኞ ቀን የጭነት መኪናዎች ወደ ፋብሪካው ገቡ። ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውስጥ የሞተር ድምፅ ተሰማ። እኔ ከሥራ ስመለስ አባባ ጃራ በአጥሩ ጥግ ቆመው፣ መዳፋቸውን የግንቡ ብሎኬት ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው። ጠሩኝ።

"ና ንካው! ይንቀጠቀጣል!"

ነካሁት። እውነትም ብሎኬቱ ውስጥ ለውስጥ ይንዘፈዘፋል።

"ሠራ ማለት ነው" አሉ። ፊታቸው ላይ ብርሃን መጣ። "ሙሉውን አልፈልግም። አንድ የሚዞር ነገር ይኑር። እሱን ነክቼ እመርቃለሁ፤ ውሸት አይሆንብኝም።"

ያን ቀን እራት በሉ። እማማ አዝመራም ሐሙስ የሚለብሱትን ጋቢ አጥበው ሰቀሉ።

ሐሙስ የብሎክ ኮሚቴው ሁላችንንም ቀስቅሶ አወጣን። ኮፍያና ካናቴራ ታደለ። ሥራ ቦታዬ አስፈቅጄ ነው የሄድኩት፤ ስም ይመዘገባል ተብሎ ስለተወራ መቅረት ፈራሁ። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል። በአንድ በኩል አዲስ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሠራተኞች ተሰልፈዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዱ በእኛ በር ላይ ጫማ የሚጠግነው ሰው ነው።

"አንተ! ዘይት መጭመቅ መቼ ተማርክ?" አለው ከጎኔ የነበረ ጎረቤታችን።

"ትናንት ነዋ።"

"ማን አስተማረህ?"

"አበሉ። ጎበዝ አስተማሪ ነው።" ከዚያ ዓይኑን ፊት ለፊት ተክሎ በከንፈሩ ብቻ፣ "ሂድልኝ፣ አታስበላኝ" አለ።

እንግዶቹ በጥቁር መኪናዎች መጡ። ዋናው እንግዳ ረጋ ያሉ፣ ፊታቸው የሚያስፈራ የማይመስል ሰው ነበሩ። ከባንክ የመጣች መነጽር ያደረገች ሴት ትከተላቸዋለች። አቶ ታዴዎስ ከሁሉ ፊት ፊት እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እኔ ሳላያቸው ክፉ ሰው ነበር የመሰሉኝ፤ ሰውየው ግን አጎንብሰው ሽማግሌዎችን ትከሻ ገጥመው የሚሳለሙ፣ ሳቃቸው የሚያምር ሰው ናቸው። ንግግር ተደረገ። ስለ ሥራ ዕድል፣ ከውጭ የሚመጣን ዘይት ስለመተካት፣ ስለ መንግሥት ድጋፍ። ከዚያ ጉቱ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ "አሁን የአካባቢያችን አባት ይመርቁናል" አለ።

አባባ ጃራ ሣራቸውን ይዘው ተነሡ። ማይክሮፎኑን አልተቀበሉም።

"ጌቶቼ፣" አሉ፣ "እኔ ስመርቅ ነክቼ ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር። መኪናውን፣ ዘይት የሚጨምቀውን፣ ልንካውና ልመርቅ።"

እንዲህ ሲሉ ሊያጋልጡ አስበው አልነበረም። እምላለሁ። ያ የሚንቀጠቀጥ ግንብ እጃቸው ላይ ስለቀረ፣ ለሁሉም የሚበጅ መንገድ ያገኙ መስሏቸው ነው። የጉቱ ፊት ግን አመድ መሰለ። ቱታ የለበሱት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን ዝቅ አደረገ፤ ማንም ግን አላዘዘውም። ድንኳኑ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ዋናውን እንግዳ አየን።

ዋናው እንግዳ ፈገግ አሉ። "ደስ የሚል ባህል ነው። እንግባ።"

ተከትለን ገባን። ኮሚቴው ከእነኮፍያችን ከኋላ ገፋን፤ እኔ ሳልፈልግ ከአባባ ጃራ አጠገብ ደረስኩ። አዳራሹ ሰፊ ነው። አዲስ የተቀባ ቀለም ይሸታል፤ የቅባት እህል ሽታ የለም። ከፊት የቆሙት ማሽኖች ተወልውለው ያበራሉ። ከኋላ ያሉት በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ላስቲኩ በአንዳንድ ቦታ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ከሥሩ ምንም እንደሌለ። የሞተሩ ድምፅ ከማሽኖቹ አልነበረም የሚመጣው፤ ከጀርባው ግንብ ማዶ ነው። ጄኔሬተር ነበር። ያበራው ነገር ቢኖር የጣሪያውን አምፖሎች ነው።

አባባ ጃራ ከመጀመሪያው ማሽን ፊት ቆሙ። ሣሩን ወደ ግራ አዛወሩ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ብረቱን ነኩ። ቆየት አሉ። ወደ ሁለተኛው ሄደው ነኩ። እዚያም ቆየት አሉ። ከዚያ ዞረው የሰዎቹን ፊት ተመለከቱ፤ እኔም ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ።

የጠበቅሁት ጩኸት ነበር፤ ወይም "ይህ ምንድን ነው?" የሚል ጥያቄ። አንድም የደነገጠ ሰው አልነበረም። የባንኳ ሴት ወለሉን ታያለች። አቶ ታዴዎስ ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ። ዋናው እንግዳ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያም እንደ ልጅ በሚያባብል ድምፅ፣ "በሉ አባባ፣ ይመርቁንና እንሂድ። ሌላም ቦታ ይጠብቁናል" አሉ።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሳይመጡም ያውቁ ነበር። እኛ የተጠራነው ለማየት አልነበረም፤ አይተው እንዳላዩ ሲሆኑ አብረናቸው እንድንቆም ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፍርሃት ግን አላውቅም። ከሚዋሽ ሰው ማምለጥ ይቻል ይሆናል። መዋሸት እንኳ የማያስፈልገው ሰው ፊት ሲቆሙ ግን የት ይገባል?

አባባ ጃራ እጃቸውን ከብረቱ ላይ አነሡ።

"በሰላም ግቡ" አሉ ቀስ ብለው።

"አሜን" አልን።

"ልጆቻችሁን አግኟቸው። መንገዱ ይቅናችሁ።"

"አሜን።"

ምርቃቱን እዚያ ላይ አቆሙ። አቶ ታዴዎስ ፈገግታቸው ሳይጠፋ ጎንበስ አሉና "ፋብሪካውንስ፣ አባባ?" አሏቸው።

አባባ ጃራ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ፈሰሰ፤ ሣሩን የያዘችውን እጃቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ከንፈራቸውን ዳሰሱ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት እምቢታ አልነበረም። ድንጋጤ ነበር። አንደበታቸው የታሰረ መስሏቸው ነው።

ጉቱ አልጠበቀም። "አሜን!" አለ በኃይል።

ሁሉም "አሜን!" አሉ። አጨበጨቡ። ካሜራው ተነሣ። ያልተመረቀ ምርቃት በአሜን ተዘጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ሲጋጭ ነው ያወቅሁት።

አባባ ጃራ ቤት እስኪደርሱ አልተናገሩም። እማማ አዝመራ ከበር ላይ ሲያዩዋቸው ሮጠው መጡ። እሳቸውም ትክ ብለው አይተዋቸው፣ "አዝ…መራ" አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

በዚያ ምሽት ዜና ላይ የአባባ ጃራ እጅ ብረት ላይ አርፎ ታየ። "የአካባቢው አባቶች ፋብሪካውን መርቀው ምስጋናቸውን አቅርበዋል" ተባለ። ድጋፉ ተፈቀደ፤ የድሮው ዕዳ ወደ መንግሥት ተዛወረ፤ አዲሱ ብድር ተለቀቀ። ጄኔሬተሩ በበነጋው በመጣበት መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ። የጫማ ጠጋኙ ቱታ ተመለሰ፤ ኮፍያው ግን ቀረለት።

ከዚያ ለግብር የቀን ገቢ ግምት የሚሠሩ ሰዎች በየሱቁ ዞሩ። ብርቄ ወንበሮቿን ቆጥረው፣ ካስኮቿን ቆጥረው፣ የማታገኘውን ገቢ ጻፉባት። ብትከራከር፣ "ሀገር ስትነሣ ሁሉም ይሸከማል" አሏት።

"እኔ እሸከማለሁ፤ አቶ ታዴዎስስ?"

"እሳቸውማ አሁን ተደግፈው ነው የቆሙት።"

"ታዲያ የተደገፉት እኔ ላይ ነዋ!" አለች። ሰውየው አልተቆጣም። እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ፣ "እኅቴ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፤ ለራስሽ ነው" ብሏት ወጣ። ያን ነግራኝ ስትጨርስ እሷም ድምፅዋን ቀንሳ ነበር።

ጉቱ ተመልሶ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጀሪካን ዘይት ስጦታ ይዞ መጣ። አቶ ታዴዎስ የላኩት ነው። እማማ አዝመራ ገልበጥ አድርገው ጽሑፉን አሳዩኝ፤ ከውጭ አገር የመጣ ዘይት ነው።

"ቤቷ አትነካም፣ አባባ" አለ ጉቱ። "ለጊዜው።"

"ለጊዜው" አሉ አባባ ጃራ።

"ያው አነጋገር ነው። አሁን ሌላ ነገር አለ። አያት ሰፈር የቆመ ሪል እስቴት አለ፤ ያውቁታል፣ ሰዎች ከፍለው ቤት ያላገኙበት። እሱም ሊደገፍ ነው። ባለቤቱ የአቶ ታዴዎስ ወዳጅ ናቸው፤ በቴሌቪዥን አይተው ወደዱዎት። ማክሰኞ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ።"

"እዚያ ደግሞ የምነካው ምን አለ?"

"ፎቅ አለ። ግማሽ ፎቅ።" ጉቱ ሊስቅ ፈለገና ተወው። "አባባ፣ አሁን መንካቱ አያስፈልግም። እሱን ይተዉት። ቆመው ቢታዩ ይበቃል፤ የቀረውን እኔ አሜን እላለሁ።"

"ከዚያስ በኋላ? ሌላም አለ?"

ጉቱ ጫማውን አየ። "ብዙ ነው፣ አባባ። አገሩ ሁሉ የቆመ ነገር ነው።"

ማክሰኞ ጠዋት ወተት ልገዛ ስሄድ ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ዶዘሩ የመጣ መስሎኝ ቆምኩ። ለመመለስም አስቤ ነበር። ድምፁ ግን ትንሽ ነበር፤ አንድ መዶሻ ብቻ።

አባባ ጃራ ጣሪያው ላይ ናቸው። ቆርቆሮውን ከማገሩ እየነቀሉ ነው። ብርቄ ሱቋን ዘግታ መጥታ ከታች ትቀበላቸዋለች። እማማ አዝመራ ዕቃውን አውጥተው ሜዳ ላይ ደርድረዋል፤ አልጋው፣ ሳጥኑ፣ ያ ያልተከፈተ ጀሪካን። ሚስማሮቹን ከመሬት እየለቀሙ ቀሚሳቸው ላይ ያጠራቅማሉ፤ እንባቸው ይወርዳል፣ እጃቸው ግን አይቆምም።

"ምን ሆናችሁ?" አልኩ።

"ላሞቹን ገጠር ያለው ወንድሜ ወስዷቸዋል" አለች ብርቄ። "አባና እናቴ እኔ ጋ ይገባሉ፤ አንድ ክፍል ናት፤ እንጣበባለን። ጋሼ፣ መሰላሉን ይያዙልኝ፣ ይወዛወዛል።"

መሰላሉን ያዝኩ። ይዤ ወደ አስፋልቱ አያለሁ፤ ማን እያየን እንደሆነ አላውቅም። የፋብሪካው ዘበኛ በአጥሩ ቀዳዳ ዓይኑን አድርጎ ሲያይ አየሁት። ዘበኛውም እንዳየሁት ሲያውቅ ሄደ።

የጉቱ መኪና መጣች። በሩን ሳይዘጋ ሮጠ፤ ዛሬ ጭቃውን አልመረጠም።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው? ማን አፍርሱ አላችሁ?"

"ማንም" አሉ አባባ ጃራ ከላይ። አላዩትም፤ ሚስማር እየነቀሉ ነው። "እየፈራሁ ነው እንጂ ቤቷን አልኖርኩባትም። አንተም እሷን ይዘህ ስትጠራኝ ልትኖር ነው። እንዲያው አብረን ከምንደክም፣ ቆርቆሮዬን ይዤ ልሂድ።"

"እየጠበቁ ነው! ካሜራው ደርሷል! ምን ልበላቸው?" ድምፁ ተሰነጠቀ። በዚያች ቅጽበት ሱፍ የለበሰ ባለሥልጣን አልመሰለኝም። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ "አባባ… የብርቄ የንግድ ፈቃድ እኮ በእኛው ወረዳ ነው" አለ።

መዶሻው ቆመ። እማማ አዝመራ ቀና አሉ፤ ከቀሚሳቸው ላይ ሚስማር ተንጠባጠበ። አባባ ጃራ ከጣሪያው ላይ ልጃቸውን አዩ። ይህን አላሰቡትም ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግልጽ ነበር።

ብርቄ ጉቱን አላየችውም። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

"አባ፣ አውርድ" አለች።

አባባ ጃራ ቀጣዩን ቆርቆሮ ነቀሉ። ትልቁ ነበር፤ ለብርቄ ብቻ ይከብዳል። ንፋስ ያዘውና ወደ ጉቱ በኩል ዘመመ።

"ያዝልኝ፣ ልጄ" አሉት። "ጠርዙን ተጠንቀቅ፣ እጅህን እንዳይቆርጥህ።"

ጉቱ ሳያስብ በሁለት እጁ ተቀበለው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ መጥራት ጀመረ። ጠራ፣ ቆመ፣ እንደገና ጠራ። ጉቱ ቆርቆሮውን እንደያዘ ቆመ፤ የት እንደሚያስቀምጠው የነገረው ሰው አልነበረም።